ጋሼ ቆርቆሮ ሲያነብ

የጉሮሮ ሐኪሟ «ለሦስት ሳምንት አንዲት ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ» ስትለኝ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ባለቤቴ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ሰማሁት። ምን ያስቀዋል? በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ሐኪሟ ቀጠለች። ከድምፅ አውታሬ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል እባጭ ቆርጣ አውጥታለች፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ማውራት የለም፣ መሳቅ የለም፣ ጉሮሮ መጥረግም የለም። ሹክሹክታስ ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት። «ሹክሹክታማ ከጩኸት ይብሳል» አለችኝ። ድምፄ ይመለስ እንደሆነ ደግሞ ጻፍኩላት። «ይመለሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን» አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እኔ ደግሞ ሐኪም ተስፋ ማድረግ ሲጀምር መፍራት እጀምራለሁ።

ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ማተሚያ ቤት ሳለሁ ቅጽል ስሜ «ደወል» ነበር። ማሽኖቹ ሁሉ እየጮሁ እኔ ስናገር እስከ መጋዘኑ ድረስ ይሰማል ይሉ ነበር። ሥራዬም ማንበብ ነበር። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ በእኛ ጊዜ እርማት የሚሠራው በሁለት ሰው ነው። አንዱ የደራሲውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን ናሙና ይዞ በዓይኑ ይከተላል፣ ስህተት ሲያገኝ በቀይ ይመታል። አንባቢዋ እኔ፣ አራሚው ያው ባለቤቴ። ሠላሳ አንድ ዓመት።

ታዲያ ቃሉን ብቻ ማንበብ አይበቃም፤ ምልክቱም ይነበባል። አለዚያ ነጠላ ሰረዝ መቅረቷን በምን ያውቃል? ግን ቀኑን ሙሉ «ነጠላ ሰረዝ፣ ቃለ አጋኖ፣ ትምህርተ ጥቅስ» ስትል መዋል ምላስ ያደርቃል። ስለዚህ የራሴን ስም አወጣሁላቸው። ነጠላ ሰረዝ «ነጠላ» ሆነች፣ አራት ነጥብ «አራት»፣ የጥያቄ ምልክት «መንጠቆ»፣ ቃለ አጋኖ «ዱላ»። ቅንፍ ሲመጣ «በር ክፈት» እላለሁ፣ ሲያልቅ «በር ዝጋ»። ጥቅስ ሲጀምር «አፍ ክፈት»፣ ሲያበቃ «አፍ ዝጋ»። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣን በሩን በርግዶ ሲገባ ልክ «አፍ ዝጋ» ላይ ደርሼ ኖሮ፣ ሰውዬው ምንም ሳይል ተመልሶ ወጣ። ገጽ ባለቀ ቁጥር ደግሞ «እፎይ» እላለሁ። እሷ ለሥራው አታስፈልግም፤ አመል ናት። እሱ «እፎይ» ስል ብዕሩን አስቀምጦ ጣቶቹን ያፍታታል። እንዲህ እየተባባልን ተለማመድን፣ ተጋባን፣ ልጅ ወልደን ዳርን፣ ጡረታም ወጣን።

ጡረታ ብለው ሸኙን እንጂ ሥራው ተከትሎን ቤት መጣ። አሳታሚዎች ያውቁናል፤ መጽሐፍ ይልኩልናል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ዓይኑ ከዳው። መታወር አይደለም፤ ዳር ዳሩን ያያል፣ መሃሉን አያይም። በር ሳይነካ ያልፋል፣ ፊደል ግን አይለይም። እኔን ሲያየኝ ፀጉሬንና ጆሮዬን ያያል፤ ፊቴ ያለበት ቦታ ጭጋግ ነው ይለኛል። በመጀመሪያው ሰሞን ይህን ሲነግረኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተለማመድነው። እኔ ከኮምፒውተሩ አነባለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ «እዚያ ጋ ሁለት ጊዜ ‹ነው› አለ፤ አንዱን አጥፊው» ይለኛል፣ አጠፋዋለሁ። ፊቴን ባያይ ድምፄን ይሰማል፤ ቁጣዬንም ሳቄንም ከድምፄ ይለያል። ይበቃን ነበር።

አሁን በእጃችን ያለው ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። አሳታሚዋ በወሩ መጨረሻ ትጠብቀዋለች። ገና አርባኛው ገጽ ላይ ነበርን ድምፄ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ መንቋረር ሲጀምር። እንግዲህ ጉዱን እዩልኝ፦ እሱ አያይም፣ እኔ አልናገርም።

ታናሽ ወንድሜ ይህን ሲሰማ በማግስቱ ከተፍ አለ። ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «በነፃ» ይለዋል፤ ስለ ኮምፒውተር አፉን ሲከፍት የመጀመሪያ ቃሉ እሷ ናትና። ፎቶ ማስተካከያ? በነፃ አለ። ፊልም ማጫወቻ? በነፃ አለ። የገዛው ሶፍትዌር የለም፣ የሰረቀውም የለም፤ ሰዎች ሠርተው «ተጠቀሙበት» ብለው የለቀቁትን እየለቀመ በፍላሽ ይዞ ይዞራል። ጎረቤቱ ሁሉ ያመሰግነዋል። እኔ ግን ቂም አለብኝ። ባለፈው ዓመት ሦስት ፀረ ቫይረስ በአንድ ቀን ጭኖልን፣ ሦስቱ እርስ በርሳቸው «ቫይረሱ አንተ ነህ፣ አንተ ነህ» እየተባባሉ ኮምፒውተራችን ሁለት ቀን ሙሉ አልነሳም ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ድምፅ ነበረኝና የነገርኩት ሁሉ እስካሁን ጆሮው ላይ አለ።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ማንም አይሰድበኝም!» እያለ ገባ፣ ፍላሹን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ።

«ጽፌ እሰድብሃለሁ» ብዬ በወረቀት አሳየሁት።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን የሠራው ሥራ አንጀቴን አራሰው። መጀመሪያ ከሦስቱ ፀረ ቫይረሶች ሁለቱን አሰናበተ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረውት የሚነሱትን ፕሮግራሞች ቆጠረ፤ አሥራ አራት ነበሩ። አሥራ ሁለቱን «እናንተ ስትፈለጉ ትጠራላችሁ» እያለ አስተኛቸው። ከዚህ በፊት ኮምፒውተሩን ከፍቼ እስኪነሳ ድረስ የምሳውን ሰሃን አጥቤ እጨርስ ነበር፤ አሁን እጄን ሳላረጥብ ተነሳ። ስክሪኑን ጥቁር፣ ፊደሉን ቢጫና ትልቅ አደረገው፤ የማውዙን ቀስት አውራ ጣት አሳከለው። ከዚያ የእኔን የጥፍር ቀለም አስመጣና ኪቦርዱ ላይ ሁለቱ አመልካች ጣቶች በሚያርፉባቸው ቁልፎች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ጠብ አድርጎ አደረቀው። ባለቤቴ ወጣት ሳለ ታይፒስት ነበር፤ ጣቶቹ ቦታቸውን ካገኙ ዓይን አይፈልጉም።

በመጨረሻ የስክሪን አንባቢ የሚሉትን ጫነለት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። «ማየት የተሳናቸው ባለሙያዎች ራሳቸው የሠሩት ነው፤ የራሳቸውን ችግር ያውቁታላ! ደግሞ እኮ…» አለና ወደ እኔ ዞረ፤ ጣቴን ቀስሬ ጠበቅኩት፤ «…በነፃ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ድምፁ የወንድ ነው። ጭንቅላቱን ቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ ከትቶ የሚያወራ ይመስላል። አይቆጣም፣ አይደሰትም፣ አይተነፍስም። ባለቤቴ ትንሽ ካዳመጠው በኋላ «እንዴት አደሩ፣ ጋሼ ቆርቆሮ!» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

እኔም በጋሼ ቆርቆሮ አፍ መናገር ጀመርኩ። የምፈልገውን ኪቦርዱ ላይ እጽፋለሁ፣ እሱ ለባለቤቴ ያነብለታል። መጀመሪያ የጻፍኩት «ምሳው ቀዘቀዘ እኮ፣ ስንት ጊዜ ልጥራህ!» የሚል ነበር። ጋሼ ቆርቆሮ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚያስታውቅ ሰው አድርጎ አነበበው። ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ሴት፣ ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ በጨዋ ደንብ ጠርተሽኝ አታውቂም!» አለ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ግን ሳቅ ክልክል ነውና አፌን በመሃረብ ይዤ ወጣሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ጉድ ፈላ።

እሱ ጠዋት ጠዋት ከጋሼ ቆርቆሮ ጋር ይቀመጣል፣ እየሰማ በራሱ ጣት ያርማል። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፤ ካላነበብኩ ምን ልሠራ? ከዚያ ክፍል ብስጭቱ ይሰማኛል። «ምን ዓይነት ደራሲ ነው ይኼ? አንዲት ነጠላ ሰረዝ አያውቅም! አራት ነጥብ እንኳ የለውም! ንቡን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው እንዴ የጨረሰው?» ይላል። እኔ ያነበብኳቸውን አርባ ገጾች አስታወስኩ። ሰውዬው እንኳን ሊያጎድል ነጠላ ሰረዝ እንደ ጨው ነው የሚበትነው። እጄን ጠርጌ ሄድኩና ስክሪኑን አየሁ። ክው አልኩ። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አራት ነጥብ ሁለት ሁለት ሆኗል። ነጠላ ሰረዞቹም ጥንድ ጥንድ። አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ።

ወዲያው ገባኝ። ጋሼ ቆርቆሮ ምልክት አያነብም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠራጠር ነበር። የእኔው ጉድ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ምልክት ሳይነበብለት የቀረበት ቀን የለም፤ ያልተነበበ ምልክት ለእሱ የሌለ ምልክት ነው። ስለዚህ የጎደለውን ሁሉ በቅን ልቡ ሞላው!

ደሜ ፈላ። «ኧረ ሰውዬ!» ልል አፌን ከፍቼ የሐኪሟ ፊት ትዝ አለኝና ገጥሜ ዘጋሁት። ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት፤ ኪቦርዱን ነጠቅኩትና ጻፍኩ። ጋሼ ቆርቆሮም በተረጋጋ መንፈስ «ምልክቱ ሁሉ ነበረ አንተ ነህ የደገምከው አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ» አለ።

ባለቤቴ ፊቱ ጥቁር አለ። ከዚያ ጥቂት አሰበና «ቃለ አጋኖ ነበረበት እንዴ ያልሽው ነገር?» አለኝ።

ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ደቃሁት።

«ሦስት?» አለ። «ይገባኛል።»

ወንድሜ ከሥራ ሲወጣ መጣ፣ ነገሩን ሰማ፣ በሳቅ መሬት ነካ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገባና አንዲት ነገር ነካ፤ «ምልክት አንብብ» የምትል ናት፤ «ጥቂት» ላይ ነበረች፣ «ሁሉንም» አደረጋት። በቃ። የተደገሙትን ደግሞ እኔ አንድ በአንድ ላጠፋ ሁለት ቀን መድቤ ነበር፤ እሱ «ፈልግና ተካ» በምትለው ሁለቱን አራት ነጥብ በአንድ፣ ሁለቱን ነጠላ በአንድ አስተካክሎ ሻዩ ሳይበርድ ጨረሰው። ሠላሳ ሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው። ምነው ማተሚያ ቤት ሳለሁ በነበርክ አሰኘኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ጋሼ ቆርቆሮ «ነጠላ ሰረዝ»ም አለ፣ «አራት ነጥብ»ም አለ፣ ሳይደክም፣ ውሃ ሳይጠማው። ባለቤቴ ፍጥነቱን በየቀኑ ከፍ ያደርግበታል፤ ለእኔ ጆሮ ጠጠር የሚፈስ እስኪመስል ድረስ። በቀን ሃያ ገጽ ይገፉ ጀመር። ከእኔ ጋር በጥሩ ቀን አሥራ ሁለት ነበር የምንሄደው።

ደስ ሊለኝ በተገባ። ቅር አለኝ። ቅር ብቻ? ሆድ ባሰኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያነበብኩለት ሰውዬ፣ ዋጋ ያልተከፈለበት የቆርቆሮ ድምፅ ሲያነብለት ከእኔ ይልቅ ይፈጥናል። ድምፄ ባይመለስስ? ፊቴን አያየኝም። ካልተናገርኩ እኔ በዚህ ቤት ውስጥ ምንድን ነኝ? የነጠላ ጫማ ኮቴና የሳሙና ሽታ።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ አላስችል አለኝና አጠገቡ ተቀምጬ ጻፍኩለት። ጋሼ ቆርቆሮ አነበበው፦ «እኔስ አሁን ምን ልሥራ ጥያቄ ምልክት»።

ባለቤቴ እጁን ከቁልፎቹ ላይ ሳያነሳ «አረፍ በይ እንጂ። ብዙ ደክመሻል» አለኝ።

አረፍ በይ! ጡረታ ያወጡን ጊዜም ያሉን ይህንኑ ነው። ተነስቼ ሄድኩ፣ የታጠበ ሰሃን ድጋሚ አጠብኩ።

በማግስቱ ደግሞ ወንድሜ የጆሮ ማዳመጫ ይዞ መጣ። «እትዬ እንዳትረበሽ ነው» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። ባለቤቴ እሱን ጆሮው ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጭጭ አለ። እኔ አልናገር፣ እሱ አይሰማ። ሻይ ልቅዳልህ ብዬ ስጽፍ ጆሮው ውስጥ ይነበብለታል፤ ሳይዞር ራሱን ይነቀንቃል። ወደ ጠረጴዛው ስጠጋ ኮቴዬ እንዴት እንደሚሰማው እንጃ፣ እጁን ከቁልፎቹ ያነሳና ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ እስክሄድ። ያላየሁ መሰለው። እኔ ዓይን አለኝ እኮ! ምን ይደብቀኛል? ሁለቱ፣ ወንድሜና እሱ፣ በስልክ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ስገባ «እሺ፣ ቻው» ይላል። በጣም አዘንኩበት፤ ጽፌም አልነገርኩትም። በጋሼ ቆርቆሮ አፍ ማዘን አልፈለግኩም።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። ወንድሜ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሊወስደኝ መጣ። ኮቴን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩና ባለቤቴን ጠበቅኩት። አልተነሳም።

«ሥራ አለብኝ» አለ። «እናንተ ሂዱ።»

ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ድምፄ ይኑር አይኑር በሚታወቅበት ቀን፣ ሥራ አለበት! በሩን ደርግሜ ወጣሁ። ለነገሩ በር መደርገም አልተከለከልኩም።

ወረፋው ቶሎ ደረሰኝ። ሐኪሟ በቀጭን መስታወት ጉሮሮዬን አየችና «በይ ‹አ› በይ» አለችኝ። አልኩ። የወጣው ነገር ድምፅ አይባልም፤ ዘይት ያጣ ማጠፊያ ነበር። ድጋሚ አልኩ። ሦስተኛው ላይ ከሥር የሆነ ነገር ተነሳ፤ አወቅኩት፣ የእኔው ነው። ሻካራ፣ ቀጭን፣ ግን የእኔ። እንባዬ መጣ።

«ተመልሷል» አለች ሐኪሟ። «እንደ ድሮው ግን አይደለም። ቀስ ብለሽ ታወሪያለሽ፤ እሱ ችግር የለም። ጮክ ብሎ ለሰዓታት ማንበብ ግን ከእንግዲህ የለም። በቀን አሥር ደቂቃ። ከዚያ ካለፈ እባጯ ትመለሳለች።»

«አሥር ደቂቃ ሦስት ገጽ አይሞላም» አልኳት። ከሃያ አንድ ቀን በኋላ የተናገርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

በመንገድ ላይ ዝም አልኩ። ወንድሜ መሪውን ይዞ ከጎን ከጎን ያየኛል። «እትዬ፣ ተናገሪ እንጂ! በቃ ስደቢኝ፣ ተፈቅዶልሽ የለ?» አለኝ።

«መንገዱን እይ» አልኩት። በደስታ ጥሩምባ ነፋ፣ ያለ ምንም ምክንያት።

እኔ ግን ውስጤ ሌላ ነበር። አሥር ደቂቃ። የጋሼ ቆርቆሮ ቀን ሙሉ ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ይህን ስነግረው «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እሱ አለ አይደል» ይለኛል፤ እውነቱን ነው፤ አለ። ደረጃውን ስወጣ ይህን ነበር የማስበው። በሩ ጋ ደርሼ ቁልፉን ሳወጣ ጋሼ ቆርቆሮ ከውስጥ ተሰማኝ። ባለቤቴ ቶሎ እንመለሳለን ብሎ ስላላሰበ ማዳመጫውን አላደረገም።

ቁልፉን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ንግሥቲቱ ከቀፎው ስትወጣ ነጠላ ሠራተኞቹ ይከተሏታል አራት በር ክፈት ምስል ሰባትን ይመልከቱ በር ዝጋ አራት ጀማሪ ንብ አርቢ አፍ ክፈት ወዴት ሊሄዱ ነው መንጠቆ አፍ ዝጋ ብሎ ይጨነቃል አራት»

ጆሮዬን አላመንኩም። በዚህ ዓለም ላይ የጥያቄ ምልክትን መንጠቆ የሚል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሩ ላይ ቆሟል። ወደ ወንድሜ ዞርኩ። ጫማውን ያያል።

«ሐሳቡ የእሱ ነው» አለኝ። «ፕሮግራሙ ውስጥ ለየምልክቱ የፈለግሽውን ስም የምትሰጪበት ዝርዝር አለ። ለቃልም አለ። እኔ መንገዱን ብቻ ነው ያሳየሁት። የጻፈው እሱ ነው፤ ሁለት ሳምንት በዳበሳ።»

ከውስጥ ጋሼ ቆርቆሮ ቀጠለ። ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ፣ «አራት» አለ። ከዚያም በዚያ በማይተነፍሰው፣ በማይደክመው ድምፁ «እፎይ» አለ። «ገጽ ሦስት መቶ አሥራ አንድ።» ባለቤቴ አንድ ቁልፍ ሲነካ ተሰማኝና ቤቱ ጸጥ አለ።

በሩን ከፈትኩ።

«ማነው?» አለ ከወንበሩ ላይ።

«እኔ ነኝ።»

ዞረ። ሲያየኝ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ፊቱን ወደ ጎን አዘነበለ፣ በዓይኑ ዳር እንዲያገኘኝ። «እስቲ ድገሚው» አለ።

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ! ጆሮህም ከዳህ?»

በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ ሲያለቅስ ያየሁት ልጃችንን የዳርን ቀን ብቻ ነው። ወንድሜ ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ የሚቀዳ መሰለ፤ ቧንቧውን ከፍቶ ረሳው።

«ለምን አብረኸኝ አልሄድክም?» አልኩት አጠገቡ ቆሜ።

«ፈራሁ» አለ። «ሐኪሟ ‹የለም› ስትል እዚያ ተቀምጬ መስማት ፈራሁ።»

«ይኼስ?» አልኩ ኮምፒውተሩን ነካ አድርጌ።

«ፊትሽን ካየሁ ሁለት ዓመቴ። የቀረኝ ድምፅሽ ነበር። እሱም ቢሄድ፣ አነጋገርሽ እንኳ ይትረፍልኝ ብዬ ነው።»

አንጀቴን በላው። እጁን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ግን አመሌ ነውና «ታዲያ ጆሮህን ደፍነህ ከእኔ የምትደበቀው ምን ሆነህ ነው? ስንቱን ሳስብ ከረምኩ!» አልኩት።

«ገና ሳይስተካከል እንዳትሰሚው ነዋ። ‹ዱላ› የምትለውን በስህተት አራት ነጥብ ላይ አድርጌ በየመስመሩ ሰውዬው ሲደበድበኝ ዋለ። ብትሰሚ ትስቂያለሽ፤ ሳቅ ደግሞ ተከልክለሻል።» አፍንጫውን ጠረገ። «አሁንም አንዲት ነገር ተበላሽታለች። ‹እፎይ›ን የገጹ ቁጥር ሲመጣ እንዲላት ‹ገጽ› የሚለው ቃል ፊት አስቀመጥኳት። መጽሐፉ ውስጥም ‹ገጽ› ሲመጣ ይላታል። ‹የሰፈፉ እፎይ ገጽ ለስላሳ መሆን አለበት› አለኝ ዛሬ ጠዋት።»

ሳቅኩ። በሃያ አንድ ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ እንባዬም አብሮ ወረደ።

ከዚያ የሐኪሟን ነገር ነገርኩት። ላለሰልሰው አልፈለግኩም። «ማውራት እችላለሁ። ማንበብ ግን አበቃ። በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ» አልኩት። ጠበቅኩ። «እሱ አለ አይደል» የምትለዋን ጠበቅኩ።

«ይበቃል» አለ። «ሦስት መቶ አሥራ አንዱን ጨርሻለሁ። የመጨረሻዋን አልነካኋትም።»

«ለምን?»

«ከጋሼ ቆርቆሮ ጋር ተስማምተናል። ድምፅሽ ቢመለስ፣ እሱ የመጨረሻ ገጽ አያነብም። የዚህንም መጽሐፍ፣ የሚቀጥለውንም።»

ወንበሬ ድሮ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ሳብኩትና ተቀመጥኩ። እሱ ጣቶቹን ሁለቱ የቀለም ጠብታዎች ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ወንድሜ ቧንቧውን ዘግቶ በሩ ላይ ቆመ። ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄ እየሻከረ፣ እየተቆራረጠ፣ ክረምት ላይ ቀፎን እንዴት እንደሚሸፍኑ አነበብኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆም ብዬ ሳልፍ «ነጠላ ዘለልሽ» አለኝ።

«አልዘለልኩም!» አልኩና ስክሪኑን አየሁ። ዘልያለሁ። «ነጠላ» አልኩ፣ ቀጠልኩ።

ገጹ አጭር ነበር፤ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የመጨረሻው ቃል ላይ ደረስኩ፣ «አራት» አልኩ፣ ከዚያ ዝም አልኩ። እሱ እጆቹ ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ፣ ዓይኑ እንደተጨፈነ ጠበቀ። ቆየ። አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

«ገጹ አላለቀም» አለ።

«እፎይ» አልኩት።

እጆቹን ከቁልፎቹ ላይ አነሳና ጣቶቹን አፍታታ።